አራት ጣት

ይሁኔ ወጌሻው እኔ ነኝ፤ የቢቸና ሰው ያውቀኛል፤
ከበቅሎ የወደቀ ሁሉ ሌሊት መጥቶ ይጠራኛል።
ዓይኔን ጨፍኜ በአውራ ጣቴ ቆዳ ላይ አነባለሁ፤
የት እንደተሰነጠቀ፣ የት እንደዞረ አውቃለሁ።
ውልቃት መልሻለሁ፣ ወለምታ አሽቻለሁ፣
የተሰበረ ገጣጥሜ በቀርከሃ አስሬያለሁ።
የጎደለ አጥንት ግን፣ ቦታው ባዶ የሆነ፣
ከአባቴም አልሰማሁ፣ በእጄም አልተመዘነ።

ልጄ ባንችአምላክ ልብስ ሰፊ ናት፣ ማርቆስ ከመናኸሪያው ጀርባ፤
ሲንጀሯን እየረገጠች ጥለት ትገጥማለች የሰርጉ ወር ሲገባ።
በሐምሌ ዝናብ ባጃጅ ተንሸራቶ ቅልጥሟን ሰበረው፤
«ሐኪም ቤት» ቢሏት «አባቴ ጋ» አለች፤
ቃሏ ነው እስከ ዛሬ አንጀቴን የሚመትረው።

አሰርኋት። ከእንጅባራ ባስመጣሁት ቀርከሃ፣ እንደ ወትሮው ጠርቤ።
ቁስሉ ከውስጥ ይዞ ነበር፤ እኔ ከላይ ነው ያሰርሁ፤
ሽታው ነግሮኝ በአሥረኛው ቀን ሐኪም ቤት ይዣት ደረስሁ።

ዶክተር እናንዬ ፊልሙን ለመስኮቱ ብርሃን ሰጥታ፣
«የሞተውን ቆርጠን አወጣን» አለችኝ ድምጿን ገትታ።
ከላይ ነጭ፣ ከታች ነጭ፣ መሐሉ ጥቁር ገደል፤
ጣቴን አስጠጋሁ፦ አራት ጣት።
አራት ጣት የእኔ በደል።

«ስንጥቅ ቢሆን» አለች፣ «ጊዜ ብቻ ይበቃዋል፤
ይህን ያህል ባዶ ሲሆን ግን አጥንት መንገዱ ይጠፋዋል።
ከዳሌዋ መቅኔ እንቀዳለን፤ በመቅኔው ውስጥ አለ ዘር፣
ግንደ ህዋስ የሚሉት፣ ገና ያልቆረጠ ነገር፤
ስብም ቢሉት አጥንትም ቢሉት፣ የሚሆን ሲመከር።
ስፖንጅ በመሰለ ማገር ላይ እናሰፍረዋለን፤
ማገሩ ቀስ ብሎ ይሟሟል፣ አጥንቱ ይቆማል እንላለን።
ሙከራ ነው። ቃል አልገባም።»

እሱን ነው ያመንሁት፣ ቃል አለመግባቷን።
ሌላው ግን አልገባኝም። ዘር? በሰው ዳሌ ውስጥ? ያውም ያልወሰነ?

ባንችአምላክ ከአልጋዋ ሳቀች፤ እግሯ በብረት ችንካር ተወጥሮ።
«አባዬ፣ የተቀደደ ቀሚስ ሲመጣልኝ ምን የማደርግ ይመስልሃል?
የባዕድ ጨርቅ ብለጥፍበት ሲታጠብ ይሸበሸባል።
እጥፋቱን ነው የምፈታው፤ ከራሱ ጠርዝ፣ ከራሱ ድር፣
ማንም ከማያየው ቦታ ቆርጬ እጠግናለሁ በራሱ ክር።
ዳሌዬ እጥፋቴ ነው።»

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ጤፍ ታጨደ፣ ግብጦ ተለቀመ፤
«ወጌሻው የገዛ ልጁን ሐኪም ቤት አስተኛ» አሉ፣ «እጁ ደከመ።»
ይበሉ።
ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ መጥቼ ችንካሮቿን አጥባለሁ፤
ከዚያ እጄ ልማዱን ይዞ እንዳይሄድ፣ ኪሴ ውስጥ አስረዋለሁ።
እሷ ማሽኗን አስጠግታ በደኅናው እግሯ ትረግጣለች፤
የተማሪ ዩኒፎርም ታሳጥራለች፣ ክሩን በጥርሷ ትበጥሳለች፤
ድምፁ ያነክሳል፦ ጠቅ፣ ዝም። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ዝም።

ትናንት ሦስተኛው ፊልም ወጣ።
በጥቁሩ ገደል አፋፍ ላይ ጭጋግ የመሰለ ነገር ተኝቷል፤
ንጋት ላይ ከጮቄ ወርዶ፣ ልሂድ ልቆይ የሚል ይመስላል።
«ገና ነው» አለች እናንዬ፤ «እዚሁም ሊቆም ይችላል።»

ፊልሙን ተቀበልሁ። አርጅቶ የደነዘዘውን እጄን ከኪሴ አወጣሁ።
ልጄ እያየችኝ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አሳረፍሁ።
ሌባ ጣቴ ገባች። የመሐል ጣቴ ገባች።
የቀለበት ጣቴም፣ ጠበብ ቢላትም፣ ገባች።
ትንሿ ግን
ጥፍሯ ጭጋጉ ላይ ወጥቶ መቆሚያ ቦታ አጣች።